የእህቴ ባል ሰርግ

አባታችን ከሞተ በኋላ ያየኝ ሰው ሁሉ «አሁንስ ትንሽ ዕረፊ» ይለኝ ነበር። አባቴ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት የአልጋ ቁራኛ ከሆነ ጀምሮ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረውም፤ እኔም ከእርሱ ሌላ ኑሮ አልነበረኝም። ቤታችን ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ወደ ወልድያ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። የፊተኛው ክፍል የልብስ ስፌት ሱቄ ነው፤ የኋለኛው የእርሱ መኝታ ነበር። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ሲጠራኝ ተነስቼ አገላብጠዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ፤ ተመልሼ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ከሞተ በኋላም የጠራኝ እየመሰለኝ ከስፌቱ መሃል ብድግ እል ነበር። በሩ ድረስ ሄጄ ባዶውን አልጋ አይቼ እመለሳለሁ።

ድካሙ እንቅልፍ የሚያመጣ ዓይነት አልነበረም። ተኝቼም ደክሞኝ እነሳለሁ። ደንበኞቼ «ቀሚሱን አጠበብሽብን፣ እጅጌውን አሳጠርሽብን» ማለት ጀመሩ። ከዚያ በፊት እንዲህ ተብዬ አላውቅም።

አንድ ታናሽ እህት አለችኝ። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደግኋት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። እንደ ብዙዎቹ የሰፈራችን ሴት ልጆች ትምህርቷን አቋርጣ ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር ሄደች። እዚያ ሳለች ጎረቤት ቤት ሾፌር ከነበረ ሰው ጋር ተዋወቀች። ሰውየው ኮሞሮስ ከሚባል አገር የመጣ ነው። ኒካሕ አሰሩ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ይዟት ወደ አገሩ ገባ። የአገሩን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ከእሷ አፍ ነው። ከአፍሪካ በስተምሥራቅ፣ ውቅያኖስ መሃል ያሉ ደሴቶች ናቸው። እሳተ ገሞራ ከባሕር ሥር እየተፋ የቆለላቸው ናቸው ትላለች። በስልክ የምትልካቸው ፎቶዎች ፀሐይና ሰማያዊ ባሕር ብቻ ስለሆኑ፣ ጨርቅ ሊያሰፉ የሚመጡ ሴቶች አይተው «ይቺ ልጅ ጀነት ገብታለች» ይሉ ነበር።

ለአባታችን ቀብር መድረስ አልቻለችም። በስልክ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ሶደቃው ካለፈ ከብዙ ወራት በኋላ አንድ ጁምዓ ቀን ደውላ የአውሮፕላን ቲኬት እንደቆረጠችልኝ ነገረችኝ።

«እትዬ፣ ነይና ዕረፊ» አለችኝ። «ፀሐይ ነው፣ ባሕር ነው፣ አየሩ ያሽርሻል።»

«ሱቁንስ?»

«ሱቁ የትም አይሄድም። ነይልኝ እባክሽ።»

«ነይልኝ» የሚለው ቃሏ ላይ ድምፅዋ ቀጠን አለብኝ። ግን የዚያ አገር መስመር ሁልጊዜም ቀጭን ነው፤ አልጠየቅኋትም።

በሶ አስፈጨሁ፣ በርበሬና ሽሮ ቋጠርኩ፣ ለእሷ ጥለቱን ራሴ የመረጥኩት የሐበሻ ቀሚስ ሰፋሁ። ሱቁን ቆልፌ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አውሮፕላን ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር። ፍርሃት ይመጣብኛል ብዬ ነበር፤ ግን ለመፍራትም አቅም ይጠይቃል። አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን እስኪለወጥ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ አሸለብኩ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ «እህቴ፣ በረራሽ ተጠራ» ብላ ባትቀሰቅሰኝ ቀርቼ ነበር።

ደሴቲቱን ከላይ ሳያት ጥቁር ነበረች። አረንጓዴ ተራራ፣ ዙሪያዋን ሰማያዊ ባሕር፣ በሁለቱ መሃል ግን ከሰል የተደፋበት የመሰለ ጥቁር ድንጋይ። ከአውሮፕላኑ ስወርድ ፀሐዩ ከላይ፣ የድንጋዩ ግለት ከታች ያዘኝ። እህቴ ከደጅ ቆማ ነበር። ከስታለች። አቅፋኝ ብዙ ጊዜ ሳትለቀኝ ቆየች። ከጀርባዋ ባሏ፣ ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሶና ቆብ ደፍቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«እትዬ፣ እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ።

ደንግጬ እህቴን አየኋት። ሳቀች።

«አማርኛ የተማረው እኔ እሱን ሳናግረው እየሰማ ነው። ና፣ ብላ፣ ተቀመጥ ስለው ነው የሚሰማው። ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ነው የሚያናግረው።»

«ቦርሳውን ስጠኝ፣ እትዬ» አለ ሰውየው። «ደክሞሃል።»

አባቴ ከሞተ ወዲህ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ቤታቸው ከባሕሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ የተሠራ የብሎኬት ቤት ነው። ከጎኑ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ጉድጓድ አለ። በዚያች ደሴት ወንዝ የለም፣ ምንጭም የለም። የዘነበውን ሁሉ ድንጋዩ እንደ ወንፊት ያሳልፈዋል። ዙሪያውን ሙሉ ውኃ ነው፤ የሚጠጣው ግን ከጣሪያ የወረደው ብቻ ነው። እኔ ሐይቅ ዳር ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ውኃ ባየሁ ቁጥር እግሬን መንከር ይቀናኛል። እዚያ ግን ወደ ባሕሩ ስወርድ ድንጋዩ ስለት ነው፣ ጫማ ይበላል።

ሁለቱን ልጆቿን አገላብጬ ሳምኩ። ከጎን ባለው ቤት የምትኖረውን አማቷንም አስተዋወቀችኝ። አሮጊት ናት። ፊቷን በሙሉ ቢጫ ነገር ተቀብታ ስላየኋት ቆዳዋን ያመማት መሰለኝ፤ የሰንደል እንጨት ፈጭተው የሚቀቡት የሴቶቹ ውበት መሆኑን እህቴ ነገረችኝ። «አሰላሙ አለይኩም» ስላት እጄን ያዘችና አየችኝ። እንደ ማዘን ያለ አስተያየት ነበር። በአባታችን ሞት ያዘነችልን መሰለኝ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለመተኛት ሞከርኩ። ዙህር ሰግጄ ጋደም እላለሁ፤ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ሴቶች ይመጣሉ። ጨርቅ በጥቅል ተሸክመው፣ ሰሃን በዘንቢል ይዘው ይገባሉ። እየሳቁ መጥተው እኔን ሲያዩ ዝም ይላሉ። አንድ ከሰዓት መኪና መጥቶ ሩዝ በኩንታል አራግፎ ሄደ። እህቴ ከጠዋት እስከ ማታ አትቀመጥም። ዕረፊ ብላ የጠራችኝ ልጅ ራሷ ዕረፍት የላትም።

ዓሣ ስትጠርግ ደረስኩና አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። «ምን ድግስ ነው ያለው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሰርግ ነው።»

«የማን?»

ቢላዋውን አላቆመችም። «የእርሱ» አለች።

«እርሱ ማን ነው?»

«ባሌ ነዋ፣ እትዬ።»

ወዲያው አልገባኝም። ሲገባኝ ዓሣውን ከእጇ ወሰድኩና መጥረግ ጀመርኩ። ቆሮሶ ሲጠረግ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ የባሕሩ ዓሣ ግን አጥንቱ ይጠነክራል፣ እጄን ወጋኝ። ደሜን በውኃ እያጠበች ነገረችኝ።

በዚያ አገር ወንድ ልጅ ሁለት ዓይነት ሰርግ አለው። አንደኛው ኒካሕ ነው፣ ጥቂት ሰው ተጠርቶ ያልቃል። ሌላው ትልቁ ሰርግ ነው። ትልቁን ሰርግ ያልደገሰ ሰው ፀጉሩ ቢሸብትም እንደ ልጅ ነው የሚታየው። መስጊድ ውስጥ ከፊት አይቀመጥም፣ የአገር ሽማግሌ ሲመክር አፉን አይከፍትም። ትልቁ ሰርግ ደግሞ የሚደገሰው ከመንደሩ ተወላጅ ሴት ጋር ነው። ባሏ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ዓረብ አገር ሳይሄድ የታጨችለት ሴት አለች። አሁን ጊዜው ደረሰ ተባለ።

«መቼ ነው?»

«ጨረቃዋ ስትሞላ።»

«አንቺ መቼ ነው የሰማሽው?»

«አባባ ታሞ እያለ።»

«እና ለእኔ አልነገርሽኝም።»

«በምን አፌ ልንገርሽ? አንቺ እዚያ አባባን እያገላበጥሽ እኔ ደውዬ ምን ልበልሽ?» ዓሣውን ድስቱ ውስጥ ጨመረች። «ሰርጉ ላይ ሁሉም ሴት ወገኗን ይዛ ነው የምትቀመጠው። እኔ ብቻዬን ነኝ። ብነግርሽ ልትወስጂኝ ትመጪያለሽ እንጂ ልትቀመጪልኝ አትመጪም ብዬ ነው።»

በእኛም አገር ሁለት ሚስት ያገባ ሰው አለ። አባቴ ባያደርገውም አጎቴ አድርጓል። እንግዳ ነገር ሆኖብኝ አይደለም። ግን ያቺን ልጅ እኔ ነኝ ፀጉሯን እየጎነጎንኩ ያሳደግኋት። ያን ቀን ምሳ ሲቀርብ ራሴን አሞኛል ብዬ ክፍል ውስጥ ቀረሁ። ባልየው በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። አልገባም፤ ጫማውን አውልቆ ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

«እትዬ፣ አፉ በለኝ» አለ።

ባለው አማርኛ፣ የጎደለውን በዓረብኛ እየሞላ ተናገረ። ግማሹ ገባኝ። አባቱ ይህን ሰርግ ሳይደግሱ ሞተዋል፤ እናቱ ያረጀችው ይህን ቀን ስትጠብቅ ነው። የመንደሩ ሰው ሲደግስ እርሱ ሄዶ በልቷል፣ እርሱ ግን እስካሁን ማንንም አላበላም። ጺሙን ያዘና ሽበቱን አሳየኝ። «ልጅ ነኝ» አለ። «እዚህ ልጅ ነኝ።»

«እህቴስ?» አልኩት።

«እሷ ልቤ ናት» አለ፤ አጎንብሶ እጁን እያየ። «ብላ፣ እትዬ። አትጹም።»

ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ተነስቼ በላሁ።

በማግስቱ የዘመዱን መኪና ተውሶ ወደ ተራራው ወሰደን። እንግዳ መጥቶ እሳተ ገሞራውን ሳያይ አይሄድም አለ። መንገዱ በኮኮናት ዛፎችና በቅርንፉድ ተክል መሃል ይወጣል። ከመንገዱ ዳር ቅርንፉዱን ምንጣፍ ላይ ዘርግተው ያሰጡታል፤ ሽታው መኪናው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ዛፉ አለቀና ከተራራው ወደ ባሕር የፈሰሰው እሳት የረጋበት ቦታ ደረስን። ሰፊ ነው። የአምባሰልን ገደል እያየሁ ስላደግኩ ድንጋይ አይገርመኝም፤ የአምባሰል ድንጋይ ግን የቆመ ነው፣ ይህ የፈሰሰ ነው። ሊጥ ከምጣድ ገንፍሎ እንደሚደርቅ ተጠቅልሎ፣ ተሰንጥቆ ደርቋል። በየስንጥቁ ትንንሽ ቅጠል በቅሏል። ባልየው ከታች ቤቶች እንደነበሩ እየጠቆመ አሳየን። ሰዉ ሸሽቶ ተመልሶ መጥቶ እዚያው ላይ ቤት ሠርቷል።

ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ወደ ላይ ወጡ። እኔ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ከእህቴ ጋር የሞቀ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ልጆችሽን ያዢና አብረን እንሂድ» አልኳት።

«የት?»

«ቤታችን ነዋ። አባባ ቤቱን ለሁለታችን ነው የተወው። የኋላው ክፍል ባዶ ነው።»

ነፋሱ ሻሿን እየገፈፈባት በእጇ ይዛዋለች።

«እትዬ፣ ስንቴ እንደ አዲስ ልጀምር?» አለች። «ዓረብ አገር ስሄድ እንደ አዲስ ጀመርኩ። እዚህ ስመጣ ቋንቋውን፣ ምግቡን፣ ሰዉን እንደ አዲስ ተማርኩ። አሁን ደግሞ ሐይቅ ተመልሼ እነዚህን ልጆች አማርኛ አስተምሬ፣ ባሏን ጥላ መጣች እየተባልኩ ልጀምር? አቅም የለኝም። ወላሂ የለኝም።»

«ይህንንስ ትችይዋለሽ?»

«ይህ ቢያንስ ቁጭ ብዬ የሚመጣ ነው።»

አቅም የለኝም የሚል ሰው ምን እንደሚሰማው አውቅ ስለነበር አልተከራከርኳትም። «አብሽሪ» ብቻ አልኳት። በልጅነቷ ስትወድቅ እንደምላት።

ከተራራው ከወረድን በኋላ ሌላ ነገር መጣ። አማቷ መስፋት እንደምችል ከልጆቹ ሰምታለች። የቤተ ዘመዱ ሴቶች ሁሉ ለሰርጉ አንድ ዓይነት ጨርቅ ነው የሚለብሱት፤ የመንደሩ ሰፊ ደግሞ በሥራ ብዛት አልደርስም ብሏል። አሮጊቷ ጨርቁን አስይዛ መጣችና እህቴን አናገረቻት። እህቴ ሰምታ ወደ እኔ ዞረች።

«እንድትሰፊላት ነው የምትለምንሽ። እምቢ ካልሽ አይከፋትም።»

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ስፊላቸው» አለች። «የእሷ ወገን እጁን አጣምሮ ተቀመጠ እንዲሉ አልፈልግም።»

እንዲህ ሆኖ ነው ከሐይቅ ለዕረፍት ሄጄ የእህቴ ጣውንት ለምትመጣበት ሰርግ ልብስ ስሰፋ የሰነበትኩት። የአማትየው የስፌት መኪና እንደ እኔው በእግር የሚረገጥ ነው፤ ከባሕሩ ጨው ዝጎ ይጮሃል። በኮኮናት ዘይት አለሰለስኩት። ማንጎ ዛፍ ሥር አስቀምጠውት ከማለዳ ጀምሮ እሰፋለሁ። ሴቶቹ እየመጡ እለካቸዋለሁ፤ ቋንቋ አልነበረንም፣ መርፌውን በአፌ ይዤ በእጄ ዙሪ፣ ቁሚ እላቸዋለሁ። ያኔ ዝም ይሉ የነበሩት ማውራት ጀመሩ። ፓፓያ እየላጡ ያመጡልኛል። እኔም ሳላስበው ልኬ ተመልሶ መጣ፤ አንድም ልብስ አልጠበበብኝም።

አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ሴቶቹ ድንገት ተነስተው ሄዱ። ቀና ስል አንዲት ረጅም ሴት ከእህቴ ጋር ቆማለች። ማን እንደሆነች ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። ወጣት አይደለችም። ዕድሜዋ ከእህቴ ሁሉ ይበልጣል። መነጽር አድርጋለች፤ የመንደሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ናት። ለሰርጉ ካዘጋጀቻቸው ልብሶች አንዱ ደረቱ ላይ አልሆናትም። ሰፊ ፈልጋ አጣች፤ መጨረሻ ላይ ሰው ልካ እህቴን ጠይቃታለች፣ እህቴም እሺ ብላታለች።

ተነስቼ ለካኋት። የሜትሩን ጫፍ የያዘችልኝ እህቴ ናት። ትከሻዋን ስለካ ሴትየዋ ወደ ግድግዳው እያየች ዝግ ባለ ድምፅ መናገር ጀመረች። እህቴ ወደ አማርኛ ትመልስልኛለች።

«ከእሷ ቀድሜ የታጨሁት እኔ ነኝ፣ ትልሻለች።»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«አባቴ ቤት የሠራልኝ ልጅ ሳለሁ ነው፣ ትልሻለች። በዚህ አገር ሴት ልጅ ከወገኗ ቤት ይሠራላታል። ቤቱ ባዶውን ቆየ። ቀለሙ ሲለቅ ይቀቡታል፣ እንደገና ይለቃል። ዘንድሮ ይመጣል፣ ለከርሞ ይመጣል ሲሉኝ ኖርኩ። ያስተማርኳቸው ልጆች አግብተው ልጆቻቸውን አምጥተው አስመዘገቡ።»

ሴትየዋ ጨመረች።

«አግብቶ መጣ ሲሉኝ መጥቼ አየኋት፣ ትልሻለች። ገበያ ላይ። ዋጋ መጠየቂያ ቋንቋ አጥታ ቆማ ነበር። ልጠላት ፈልጌ ነበር። ባሏን ልቀማሽ አልመጣሁም በያት። የሚመለስ ነገር አይደለም፣ ሁለቱ ቤተሰብ የተሳሰረበት ነው።» እህቴ የሜትሩን ጫፍ በጣቷ ላይ ጠቀለለች። «እኔም ደክሞኛል፣ ትላለች።»

ያን የመጨረሻውን የተናገረችው ሴትየዋ ብቻ መሆኗን አላውቅም። እህቴ ስትለው የራሷ ቃል ይመስል ነበር።

ደረቱን ፈትቼ አሰፋሁት። በዓይኔም ሆነ በእጄ አልበደልኳትም። ስትሄድ እጄን ሳመች፤ እኔም እንደ አገራችን ደንብ እጇን ሳምኩ። እህቴ እስከ መንገዱ ሸኘቻት። እዚያ ቆመው የሚነጋገሩትን ከሩቅ አየሁ፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

ልብሱ ሁሉ ሲያልቅ አማትየው መጥታ አጠገቤ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። የሐር ጨርቅና የወርቅ ጉትቻ በሰሃን ይዛለች።

«ለድካምሽ ነው፣ ትላለች» አለችኝ እህቴ።

ሰሃኑን በሁለት እጄ ተቀብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። «ጨርቅም ወርቅም አልፈልግም በያት። ሴት ልጅ ከወገኗ ቤት ይሠራላታል አሉኝ። እኔ ለእህቴ እዚህ ቤት የምሠራበት አቅም የለኝም። አሁን ያለችበትን ቤት የእሷ ያድርጉልኝ።»

እህቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «ይህንን ልተርጉም?»

«ተርጉሚ።»

ፊቷ ቀልቶ ተረጎመች። አሮጊቷ ቀና ብላ አየችኝ። የሰንደሉ ቅባት ጉንጯ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ቤቱ የእኔ አይደለም፣ ትላለች። ፈረንሳይ አገር ያለችው የሴት ልጄ ነው፤ ለወንድሟ አዋሰችው እንጂ አልሰጠችውም። የሌላ ሰው ቤት ልሰጥሽ አልችልም። ግን እኔ በሕይወት እስካለሁ ልጅሽን ከዚያ ቤት የሚያስወጣት የለም። ይህንን በቁርዓን እምልልሻለሁ፣ ትላለች።» «ልጅሽን» አለች፤ እህትሽን አላለችም።

«ከዚያስ በኋላ? በያት።»

«ይህንን አልጠይቃትም፣ እትዬ» አለች እህቴ። «አሮጊት ሴት ‹ስትሞቺ ምን እሆናለሁ› ተብላ አትጠየቅም።»

ትክክል ናት። ወርቁን መለስኩ፣ ጨርቁን ተቀበልኩ፤ ሁለቱንም ብመልስ ቅር ይላታል ብዬ ነው።

ሰርጉ ከአንድ ቀን በላይ የሚዘልቅ ነው። በአንዱ ቀን መውሊድ ይነበባል፣ በሌላው ሴቶች ስጦታ በጭንቅላታቸው ተሸክመው እየጨፈሩ በመንደሩ ይዞራሉ። በዋናው ቀን ባልየው በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ ደርቦ፣ ሽማግሌዎች ከግራና ከቀኝ ይዘውት፣ በዚያ ፀሐይ ቀስ እያለ ወደ ሙሽራይቱ ቤት ሄደ። ላቡ ጺሙ ላይ ይንጠባጠባል። በእኛ በኩል ሲያልፍ ቀና አላለም።

እህቴ እኔ ያመጣሁላትን የሐበሻ ቀሚስ ለበሰች። ያ ሁሉ ሴት እኔ የሰፋሁትን አንድ ዓይነት ጨርቅ ለብሶ፣ እሷ ብቻ ነጭ ለብሳ ሙሽራይቱ ግቢ ውስጥ መሃላቸው ተቀመጠች። እኔ ከጎኗ ነኝ። ሴቶቹ እየመጡ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን ይጨብጣሉ። ሙሽራይቱ ወርቋ ከብዷት በሁለት ሴት ተደግፋ ስትመጣ እህቴ ተነሳችና ሳመቻት። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እልልታቸው እንደ እኛው ነው።

ማዕዱ ሲቀርብ እህቴ ከጎኔ ጠፋች። ፈልጌ ሳጣት ወደ ጓሮ ዞርኩ። ነጩን ቀሚስ እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ከውኃው ጉድጓድ አጠገብ ሰሃን ታጥባለች።

«ተይው፣ ሰው አለ» አልኳት።

«ልጠብ፣ እትዬ። እጄ ሥራ ሲፈታ ነው የሚከፋኝ።»

እኔም ጎንበስ ብዬ ማጠብ ጀመርኩ። እሷ በሳሙና ታሻለች፣ እኔ አለቀልቃለሁ። እያጠበች አለቀሰች፤ ድምፅ አልነበረውም። ከዚያ በቃት፤ ፊቷን በዚያው ውኃ ታጠበችና ተመልሰን ገብተን ተቀመጥን። ሩዝ በኮኮናት ወተት ከፍየል ሥጋ ጋር በላን። ርቧት ነበር፤ ደህና አድርጋ በላች።

ከሰርጉ በኋላ ባልየው አዲሷ ሚስቱ ቤት ሰነበተ። በመንደሩ ውስጥ ያለው ለውጥ ወዲያው ይታይ ነበር። ትናንት በስሙ ይጠሩት የነበሩ ሰዎች አሁን ጎንበስ ይሉለታል። ጁምዓ ዕለት መስጊድ ከፊት ተቀመጠ ብለው ልጆቹ ሮጠው መጥተው ነገሩን። አዋቂ ሆነ ማለት ነው። እህቴ ለልጆቹ «ማሻአላህ» አለቻቸውና ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች።

የተረፉኝን ቀናት ሁለታችንም ተኝተን አሳለፍናቸው ማለት እችላለሁ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በሩን ገርበብ አድርገን፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ጎን ለጎን እንተኛለን። አንዳንዴ እናወራለን። ስለ አባታችን የመጨረሻ ቀናት ጠየቀችኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት። በስልክ ያልነገርኳትን፣ እንዴት እንደጮኸ፣ እንዴት እኔን በእሷ ስም እየጠራ «መጣሽ?» ይለኝ እንደነበር። «ምን ትይው ነበር?» አለችኝ። «መጣሁ እለው ነበር» አልኳት። ጣሪያውን እያየች እንቅልፍ ወሰዳት፣ እኔንም ወሰደኝ።

የምሄድ ቀን ባልየው አየር ማረፊያ አደረሰኝ። እህቴ ከልጆቹ ጋር አብራ መጣች። ሻንጣዬ ውስጥ ቅርንፉድና ቫኒላ ሞልታልኛለች። ባልየው እጄን ይዞ «እትዬ፣ ደህና ሁን» አለ።

«አደራህን» አልኩት።

«አደራ» የሚለውን አያውቀውም ነበር። እህቴን አያት። እሷም በቋንቋቸው አስረዳችው፤ ረዘም ያለ ነገር ነው የነገረችው። ሰምቶ ደረቱን በእጁ መታ።

ሐይቅ ተመልሼ ሱቁን ስከፍት ዩኒፎርም የሚያሰፋው ሁሉ ተሰልፎ ጠበቀኝ። ስለ ደሴቲቱ ሲጠይቁኝ ፀሐይ ነው፣ ባሕር ነው፣ ድንጋዩ ጥቁር ነው እላቸዋለሁ። ስለ ሰርጉ የነገርኩት ለአንዲት የልብ ጎረቤቴ ብቻ ነው። እሷም ብዙ አላለችም፤ «ሴት ልጅ ሁሉንም ትለምደዋለች» አለችኝ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም።

እህቴ አሁንም ጁምዓ ጁምዓ ትደውላለች። መምህርቷ አርግዛለች፤ በዚያ ዕድሜዋ እርግዝናው ስለከበዳት ጠዋት ጠዋት ምግቧን የምታደርስላት እህቴ ናት። ባልየው ከአንዷ ወደ አንዷ ሲመላለስ ከስቷል ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አማትየው እንደታመመች ነገረችኝ። እግሯ አብጧል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ፈረንሳይ ያለችው ልጇ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ልትመጣ ነው ተብሏል።

«ማን ነው የሚያስታምማት?» አልኳት።

«እኔና መምህርቷ ነን፤ እሷ ግን ጎንበስ ማለት አትችልም። ስለዚህ እኔ ነኝ። እትዬ፣ ጀርባዋ ሊቆስልብኝ ነው። አባባን ስታገላብጪው በየት በኩል ነበር የምትይዢው?»

መቀሱን አስቀመጥኩና ነገርኳት። አንዱን እጅሽን ከትከሻዋ ሥር፣ አንዱን ከዳሌዋ ሥር፤ ወደ ራስሽ ሳቢያት እንጂ አትግፊያት። ጉልበትሽን አልጋው ላይ አስደግፊ፣ ወገብሽን ይጎዳሻል። በየመሃሉ «እሺ» ትለኛለች። ከበስተጀርባዋ አሮጊቷ በዚያ ቋንቋ አንድ ነገር ስትናገር ይሰማኛል። «ቆይ፣ ጠራችኝ» አለችና ስልኩን ሳትዘጋው ሄደች።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጠበቅኋት።